ከመርከብ መውረድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የገለጉ ወንዝ ከክረምት በቀር እንደማይፈስ ታውቃላችሁ። በጋው ሲገፋ አሸዋ ይሆንና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀርለታል። እኔ ዋና የለመድሁት ከእነዚያ ኩሬዎች በአንዱ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ያደገ ሰው በውቅያኖስ ላይ ሥራ ይዞ መኖሩ እንግዳ ቢሆንባችሁ አልፈርድባችሁም። ከመጣሁ ወዲህ ከጉባኤ በኋላ እየከበባችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ማዕበልና ስለ ዓሣ ነባሪ ነው፤ እርሱን በቃል እነግራችኋለሁ። በጽሑፍ ልነግራችሁ የወደድሁት ግን ማንም ያልጠየቀኝን ነው፤ ሰው ረጅሙን የባሕር ጉዞ ጨርሶ ሲወርድ ምን እንደሚሆንና በምድር የሚጠብቀውን ኑሮ እንዴት እንደሚያስብ።

በሜካኒካል ምሕንድስና ከተመረቅሁ በኋላ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ገባሁ። ከዚያ በውጭ አገር የጭነት መርከቦች ላይ እየተቀጠርሁ አሁን ሦስተኛ መሐንዲስ ሆኛለሁ። ባሕረኛ ተብሎ ባሕሩን እምብዛም የማያይ ሰው ቢኖር የመርከብ መሐንዲስ ነው፤ ውሎው ከውኃው መስመር በታች፣ ከሞተሩ ጋር ነውና።

በመጨረሻው ጉዞ ከብራዚል የሳንቶስ ወደብ 66,000 ቶን አኩሪ አተር ጭነን ወደ ቻይናዋ ቺንግዳው ተነሣን። በእኛ አቆጣጠር 660,000 ኩንታል መሆኑ ነው። የመርከቡ ጎተራዎች ሲሞሉ ቆሜ እያየሁ በመኸር ጊዜ በገለጉ የሚከመረውን የሰሊጥ ጆንያ አሰብሁ፤ ላወዳድር ሞክሬ ተውሁት። መንገዱ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሮ፣ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ በሲንጋፖር በኩል ያልፋል። ወደ 11,000 የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 38 ቀን ፈጀብን።

ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ በየጥቂት ቀኑ ሰዓቱን ወደ ፊት ይገፋል። ከብራዚል እስከ ቻይና አንድ አንድ ሰዓት እያልን 11 ጊዜ ገፍተናል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበርና የጾሙ ሰዓት በየሳምንቱ ይለዋወጥብኝ ነበር። ከመሄዴ በፊት የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው «መርከቡ ባለበት ፀሐይ ጹም፤ ሰዓቱ ከአንተ ጋር ይሂድ» ብለውኛል። የመርከቡ ወጥ ቤት ሠራተኛ ፊሊፒናዊ ነው። ለምን እንደምጾም ከጠየቀኝ ቀን ጀምሮ ሩዙንና ጎመኑን ለብቻው ያስቀምጥልኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ጎመኑ ሲያልቅ ከእኔ ይልቅ እርሱ አዘነ።

የእኔ ተራ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ከቀኑም እንዲሁ ከ6 እስከ 10 ነው። የሌሊቱ በሰንበትና በበዓል በደብራችን ማኅሌት የሚቆምበት ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ። ሰዓታችን ከአገር ቤት ጋር ስለማይገጥም ብዙ ጊዜ ይህን ማሰብ ትርፉ ናፍቆት ነው። ነገር ግን ከማዳጋስካር በስተ ደቡብ ስናልፍ የመርከቡ ሰዓትና የገለጉ ሰዓት ለጥቂት ቀናት አንድ ሆኑ። በእነዚያ ሌሊቶች ከሞተሩ ጩኸት ሥር፣ በጆሮ መከላከያ ተሸፍኜ፣ ማንም ሳይሰማኝ የማውቀውን ያህል አዜምሁ።

አስቀድሜ መናገር የነበረብኝን አዘገየሁት። ከሳንቶስ በተነሣን በሦስተኛው ቀን እኅቴ «አባዬን ትንሽ አሞታል» ብላ ጻፈችልኝ። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው በቤቱ ሳለ ነው። በዚያ መርከብ ላይ 21 ሰዎች ነበርን፤ አንድ ዘመድ የለኝም። እኅቴ በዚያ ሰዓት ጽፋልኝ አታውቅምና ከቃሉ ይልቅ ሰዓቱ ነገረኝ። ካፒቴኑ ጠርቶ አጽናናኝ፤ ከፊታችን ያለው ምድር ግን የደቡብ አፍሪካ ጫፍ ነበር፤ እርሱም የዘጠኝ ቀን መንገድ ነው። መርከብ አይመለስም። በዚያ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን እንደ ወትሮው ወደ ሞተሩ ወረድሁ።

ፋሲካን በ35ኛው ቀን በባሕር ላይ አሳለፍነው። ቺንግዳው ፊት ከደረስን በኋላ ወረፋ እስኪደርሰን አራት ቀን መልሕቅ ጥለን ቆምን። በአራተኛው ቀን ወደብ ገብተን መርከቡ ከታሰረ በኋላ ከላይ የሚጠበቀው ትእዛዝ መጣ፤ በባሕረኞች ቋንቋ «ፊኒሽድ ዊዝ ኤንጂን» ይባላል፤ ሞተሩ ከእንግዲህ አይፈለግም ማለት ነው። ሰዓቱን በመዝገቡ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቀኑን ስጽፍ ቆጠርሁ፤ የአባቴ አርባ ነበር።

ከዚህ ትእዛዝ በኋላ ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ፤ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያቱ እርሱ ነውና። ብዙ ቀን ሲሠራ የሰነበተ ታላቅ ሞተር ቆመ ማለት ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። ዘይቱና ማቀዝቀዣ ውኃው መዘዋወራቸውን ይቀጥላሉ። አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ይያያዝበትና ትልቁን ዘንግ በዝግታ ያዞረዋል፤ ሙቀቱ በአንድ ወገን ብቻ እንዳይወርድና ብረቱ እንዳይጎብጥ ነው። በድንገት የቀዘቀዘ ሞተር ይሰነጠቃል። ይህን ለዓመታት በእጄ ስሠራው ኖሬ ለራሴ እንደሚያስፈልገኝ ያወቅሁት ገለጉ ከደረስሁ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባና በጎንደር፣ ከዚያም በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጌ የደረስሁት በግንቦት ነው፤ የቆላው ሙቀት ለእኔ እንኳ ከሞተር ክፍል አላነሰብኝም። እናቴ በበሩ ላይ ሆና እንደ አዲስ አለቀሰች፤ እኔም የዘገየ ለቅሶዬን አለቀስሁ። በሳምንቱ ለቅሶው ለዘብ ሲል ምክሩ ጀመረ። አጎቴ «ትራክተር ግዛ» አሉኝ። የእኅቴ ባል የዘይት መጭመቂያ አዋጭ መሆኑን በወረቀት አስልቶ አመጣ። አክስቴ ጎንደር ላይ ቤት፣ በቤቱም ውስጥ ሚስት አሰቡልኝ። ቀጣሪ ወኪሉ ደግሞ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚነሣ መርከብ እንዳለና ቶሎ እንድፈርም ጻፈልኝ። የሁሉም አሳብ ከፍቅር ወይም ከሥራ የመጣ ነው፤ አንዱም ክፉ አልነበረም። እኔ ግን ሌሊት በ6 ሰዓት እየነቃሁ፣ የሞተሩ ድምፅ ከጆሮዬ ጠፍቶ ጸጥታው እያስፈራኝ፣ ቀን ደግሞ በሰው ፊት እየተኛሁ ነበር። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ምን ሊፈርም ይችላል? እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ ምንም ላልፈርም፣ ምንም ላልገዛ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሌሊት ስነቃም ጣሪያ ከማየት ብዬ ማኅሌት በሚቆምበት ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመርሁ። መሪጌታው በሦስተኛው ጊዜ «ልጄ፣ ከባሕር የመጣኸው እንቅልፍህን ጥለህ ነው?» ሲሉኝ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

በእነዚያ ሳምንታት አባቴን አብዝቼ አሰብሁት። እርሱም ወደ ገለጉ የመጣው ለአንድ አጨዳ ብቻ ነበር፤ ከጎጃም ደጋ የወረደ ሳሉግ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ደመወዙን በኪሱ ይዞ ተነሣ፤ አገሩ ሲደርስ የቀረው የአንድ ነጠላ ዋጋ ነበር። «ማሳው ላይ አልጠፋም፤ መንገዱ ላይ ነው የጠፋው» ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማጭዱን ሳያስቀምጥ፣ ገና ገንዘቡ እጁ ሳይገባ፣ ለምን እንደሚያውለው ወስኖ ለአንድ ካህን ነገራቸው፤ አጨዳው ሲያበቃ አንድ ወይፈን ገዝቶ እዚሁ ቀረ። ከእናንተ መካከል በመስከረምና በጥቅምት ወደ ማሳ የምትወርዱ አላችሁ፤ ወደ ባሕር ወይም ወደ ሌላ አገር የምታስቡም አላችሁ። ባሕረኛም ሆነ ሳሉግ፣ ደመወዙን በአንድ ቀን የሚቀበል ሰው አንድ ዓይነት ፈተና አለበት።

የአባታችንን የከሣቴ ብርሃን ሰላማን ታሪክም በአዲስ ዓይን አየሁት። ሩፊኖስ እንደጻፈው ፍሬምናጦስና ወንድሙ ኤዴስዮስ ከጢሮሱ ሜሮጵዮስ ጋር በመርከብ ሲመለሱ ለውኃና ለስንቅ በቆሙበት ወደብ ሰዎቹ ተገድለው ሁለቱ ብላቴኖች ብቻ ተረፉ፤ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥትም ተወሰዱ። ንጉሡ ሲሞት ነጻ ለቀቃቸው። ሄደው አልሄዱም፤ ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ቆዩልኝ ስላለቻቸው ቆዩ። ልጁ ካደገ በኋላ ነው አንዱ ወደ እስክንድርያ፣ አንዱ ወደ ጢሮስ የሄዱት። እኛ ስለ ፍሬምናጦስ እንናገራለን፤ ቅዱስ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ መልሶ ልኮልናልና ይገባል። እኔ ግን በዚህ ሰሞን ልቤ ያረፈው በኤዴስዮስ ላይ ነው። ወደ ዘመዶቹ ተመለሰ፤ በጢሮስም ካህን ሆነ። ሩፊኖስ ይህን ታሪክ የሰማው ከእርሱ አንደበት ነው። ቤቱ የገባው ወንድም ባይኖር የሌላውን ወንድም ጅማሬ እንዲህ ማን ይነግረን ነበር? ሁለቱም በተለቀቁበት ቀን አለመወሰናቸው ደግሞ ይበልጥ አስገረመኝ። ቅዱስ ጳውሎስስ 276 ነፍስ ከተረፈችበት መርከብ ወደ መላጥያ ሲወጣ መጀመሪያ ያደረገው ምን ነበር? ጭራሮ ለቅሞ ወደ እሳት መጨመር ነው። ከዚያ በደሴቲቱ ሦስት ወር ከረመ።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ እንደ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ወሬ ውሰዱት። መጀመሪያ ደንቡን ቁጭ ብዬ አነበብሁ። በባሕረኞች ዘንድ «አንዴ የቀረ አይመለስም» ሲባል እሰማ ነበር። እውነቱ ግን የብቃት ምስክር ወረቀት በየአምስት ዓመቱ የሚታደስ መሆኑ ነው፤ ለማሳደስ ከሚያበቁት አንዱም በአምስቱ ዓመት ውስጥ የ12 ወር የባሕር አገልግሎት ነው። ስለዚህ አንድ ክረምትና አንድ መኸር ከእናቴ ጋር ብቆይ ወረቀቴ አይሞትም። ሊቀር የሚችለው ወኪሉ ነው፤ ሌላ ሰው ወስዶ ሊረሳኝ ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የታናሽ ወንድሜ ትምህርት በእኔ ደመወዝ ነው።

ያጠራቀምሁትን በሦስት ከፈልሁት። አንዱ የእናቴና የወንድሜ የአንድ ዓመት ኑሮ፤ አንዱ ለአባቴ መሬት፤ አንዱ ለሕክምና ምርመራ፣ ለወረቀት እድሳትና ለመንገድ፣ የማይነካ። የመሬቱንም ድርሻ በአንድ ጊዜ አላወጣሁትም። ሰሊጥ ሲደርስ አይጠብቅም፤ ከዘገዩበት ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል። ለአጫጆች የሚከፍለው የሌለው ገበሬ የዓመት ድካሙን በጥቂት ቀን ያጣል። ስለዚህ የአጨዳው ገንዘብ ገና ሳይዘራ ተለይቶ ተቀመጠ፤ የት እንዳለም እናቴና የንስሐ አባቴ ያውቃሉ። ትራክተሩን አልገዛሁም፤ ለእርሻው ብቻ ተከራየሁ። አጎቴ እስካሁን አኩርፈዋል።

በመርከብ ላይ አብሮኝ የሠራ አንድ ባልደረባዬ በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ውላቸው አልቆ መውረድ ካቃታቸው 400,000 ያህል ባሕረኞች አንዱ ነበር። ለ14 ወራት አልወረደም። «መውረድ እንደሚቻል ካወቅህ ባሕሩ ቀላል ነው» ይለኝ ነበር። ለወኪሉ ስጽፍ እርሱን አሰብሁ። እስከ ኅዳር እንደማልመጣ፣ ከኅዳር በኋላ ግን ዝግጁ መሆኔን ጻፍሁ። ኔትወርክ እስኪገኝ ሁለት ቀን ቆየ፤ ከሄደ በኋላ የመጣው መልስ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ስምህን ይዘናል፤ ቦታ ግን ቃል አንገባም»።

ሰኔ ገብቶ ዘርተናል። ትናንት ከእናቴ ጋር ሄደን አየነው፤ ሰሊጡ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቷል፤ በታችኛው ጥግ ውኃ ስለተኛበት ሳስቷል። የገለጉ ወንዝም መጥቶ ኩሬዎቹን አገናኝቷቸዋል። ሌሊት አሁንም በ6 ሰዓት እነቃለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።