ዲስኩ ላይ ያለው አማና



ባለፈው ዓመት የደረሰብንን ልናካፍላችሁ ነው። እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን፤ ቤታችን ኮልፌ ነው። ኮምፒውተራችን ቢበላሽ ብለን ፋይላችንን ሁሉ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ እንገለብጥ ነበር፦ አሳይመንት፣ የደርስ ቅጂ፣ የቤተሰብ ፎቶ። አንድ ቀን ጽሑፍ ፕሪንት ለማድረግ ይዘነው ወጥተን፣ ከመርካቶ ወደ 18 ማዞሪያ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ረሳነው። በማግስቱ ረዳቱን ፈልገን አገኘነው፤ ዲስኩን ግን አላየሁም አለን።

ለአሳይመንቱ አልተጨነቅንም፤ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። እናታችን ግን «የኒካሑ ፎቶስ?» አለችን። በአክስታችን ልጅ ኒካሕ ቀን፣ በሴቶች ክፍል ውስጥ ያለ ሒጃብ የተነሱ እህቶች ፎቶ እዚያው ነበር። የይለፍ ቃል ያለው ኮምፒውተራችን ላይ እንጂ ዲስኩ ላይ አልነበረም፤ ማንም ገመዱን ከሰካ ያየዋል። ለእነዚያ እህቶች አንድ በአንድ ደውለን ነገርናቸው። እንደዚያ ቀን አፍረን አናውቅም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሒጅራ ሲወጡ፣ እጃቸው ላይ የነበረውን የመካ ሰዎች አማና ለባለቤቶቹ እንዲመልስ ዓሊይን (ረ.ዐ) ትተው መሄዳቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የሰው ፎቶም አማና መሆኑን ግን አላሰብንም ነበር።

አዲሱን ዲስክ በቢትሎከር ቆልፈነዋል። ቢትሎከር ከዊንዶውስ ፕሮ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ዊንዶውስ ሆም ያላችሁ በነጻ የሚገኘውን ቬራክሪፕት መጠቀም ትችላላችሁ። ሁለቱም ፋይሉን ወደ ሚስጥራዊ ኮድ ስለሚቀይሩት፣ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ሰው ዲስኩን ቢያገኘው እንኳ ማንበብ አይችልም። ቬራክሪፕት ሙሉ ዲስክ ሲቆልፍ ውስጡ ያለውን ሊያጠፋ ስለሚችል ግን መጀመሪያ ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ቁልፉም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከጠፋ ባለቤቱም አይከፍተውም። ቢትሎከር የሰጠንን ባለ 48 አሃዝ የመልሶ መክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈን፣ እናታችን የቤት ሰነድ በምታኖርበት ሳጥን አስቀምጠነዋል። ዲስኩ ራሱ ከእንግዲህ ከቤት አይወጣም፤ በየሳምንቱ ጁሙዓ ማታ እንገለብጥበታለን፣ አንድ ሁለት ፋይል ከፍተን መሥራቱን እናያለን፣ ነቅለን እናስቀምጠዋለን።

የጠፋው ዲስክ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያገኘው ሰው አላህን ፈርቶ እንዲያጠፋው ዱዓ እናደርጋለን። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ዲስካችሁን ክፈቱና የማን ፎቶ፣ የማን ሰነድ እንዳለበት እዩ።