ኮፍያውን ያወለቀው አጥቂ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ አንድ ወዳጄ ያንን ቪዲዮ እንደገና ላከልኝ። ለስንተኛ ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። እናንተም አይታችሁት ይሆናል። ኢያን ራይት በባዶው የሃይበሪ ስታዲየም ወንበሮች መሃል ቆሞ ወደ ሜዳው ያያል። ከኋላው አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ይመጡና በስሙ ይጠሩታል። ዞር ሲል አፉ ይከፈታል። እጁ ማንም ሳያዘው ወደ ራሱ ይሄድና ኮፍያውን ያወልቃል። ሞተዋል ተብሎ ሰምቶ እንደነበር ይነግራቸዋል፤ ከዚያ ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል።

ሽማግሌው ሚስተር ሲድኒ ፒግደን ይባላሉ፤ የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው እቅፉ ላይ ሲደርስ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ኮፍያው ነው። ያ ሰውዬ በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ስሙ በአርሰናል ታሪክ በትልቁ የተጻፈ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚቀልድ ዝነኛ ነው። መምህሩን ሲያይ ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሰባት ዓመቱ ሆነ።

በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን የ1990ዎቹን አርሰናል የምናወራ ሰዎች ራይትን በጎሉ ነው የምናውቀው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።) ወጣቶቹ ደግሞ በተንታኝነቱ ያውቁታል። ቪዲዮው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ብሮክሊ ወደሚባለው ሰፈር መሄድ ያስፈልጋል።

ራይት የተወለደው በ1963 ውልዊች ነው። ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባቱ እሱ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ከቤት ወጡ፤ በቦታቸው እንጀራ አባት መጣ። ቅዳሜ ማታ ቢቢሲ ላይ «ማች ኦፍ ዘ ዴይ» ይተላለፋል። ኳስ የሚወድ የእንግሊዝ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ፕሮግራም ነው። ራይትና ታላቅ ወንድሙ ሞሪስም ይጠብቁት ነበር። እንጀራ አባታቸው ግን ፕሮግራሙ ሲጀምር ሁለቱንም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራቸው ነበር። ከክፍሉ አያስወጣቸውም፤ ቴሌቪዥኑንም አያጠፋም። የሕዝቡን ጩኸት፣ የኮሜንታተሩን ድምፅ እየሰሙ እንዳያዩ ብቻ ነው የሚከለከሉት።

ይህን ራይት ራሱ ነው የተናገረው፤ መጀመሪያ በ2020 በቢቢሲ ሬዲዮ፣ ቀጥሎም በ2021 በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ በሠራው ዶክመንተሪ። እናቱ ይደበደቡ እንደነበር፣ ድብደባው ሲጀመር ሞሪስ የታናሽ ወንድሙን ጆሮ በእጁ ይደፍንለት እንደነበር ነግሮናል። እናቱም በተራቸው ንዴታቸውን እሱ ላይ ይወጡበት ነበር።

ቀበቶና ጥፊ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ድብደባውን ስንሰማ «እኛስ?» ብለን እናልፈዋለን። የግድግዳው ነገር ግን ሌላ ነው። ንዴት እንዲህ አያደርግም። አንድ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ይህ ልጅ ምን እንደሚወድ አስቦ፣ እሱን መርጦ ነው የወሰደበት። በየሳምንቱ።

ትምህርት ቤት ሲሄድ ታዲያ ምን ዓይነት ልጅ ይሆናል? የሆነውም ያው ነው። ይቆጣል፣ ይጣላል፣ ማንበብና መጻፍ እየከበደው ይረብሻል። መምህሩ ከክፍል ያስወጡታል። ኮሪደር ላይ ይቆማል። ቤት ግድግዳ፣ ትምህርት ቤትም ግድግዳ።

ሚስተር ፒግደን ያገኙት እዚያ ኮሪደር ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ያበረሩ ሰው ናቸው፤ ጥብቅ ነበሩ ይላል ራይት። ወስደው ማንበብና መጻፍ አስተማሩት። የስም መጥሪያ መዝገቡን ከየክፍሉ እንዲሰበስብ፣ ወተት እንዲያድል ሾሙት። ለሌላ ሰው ይህ ተራ ነገር ነው። ማንም ምንም አምኖ ላልሰጠው ልጅ ግን ያንን መዝገብ ብብቱ ሥር አድርጎ በዚያው በተባረረበት ኮሪደር መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ኳስም አስተምረውታል። ልጁ ጎል ፊት ሲደርስ ኳሷን በጉልበት ይመታ ነበር። እሳቸው ስለ ጂሚ ግሪቭስ ነገሩት፤ ግሪቭስ ኳሷን መረብ ውስጥ በእርጋታ እንደሚያስቀምጣት። የኋለኛውን የራይትን ጎሎች ስታዩ፣ በረኛው ላይ ቀስ ብሎ የሚያሻግራቸውን፣ የመምህሩን ድምፅ የምትሰሙ ይመስለኛል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ይህ ታሪክ በየገጹ ሲዞር «ችግር ሰውን ይሠራል፣ ተስፋ አትቁረጡ፣ እናንተም ትችላላችሁ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል። የራይት ሕይወት የሚናገረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ችግሩ ምንም አልሠራለትም፤ ሊያጠፋው ለጥቂት ነው የቀረው። መምህሩ ካገኙት በኋላ እንኳ ነገሩ አልተቃናም። በወጣትነቱ ሳውዝኤንድና ብራይተን ሞክረውት አልፈለጉትም። ገና ልጅ ሳለ አባት ሆነ። የትዳር ጓደኛው ይዛ የመጣችውን ልጅ ሾን ራይት-ፊሊፕስንም እንደ ራሱ ልጅ ተቀበለው፤ ያ ልጅ በኋላ የቼልሲና የእንግሊዝ ተጫዋች ሆነ። ልስን እየለሰነ፣ ግንባታ ላይ እየዋለ እሁድ እሁድ የሰፈር ኳስ ይጫወታል። ያለ ኢንሹራንስና ያለ ግብር መኪና ነድቶ ተቀጣ፤ ቅጣቱን ሳይከፍል ቀረና ቼምስፎርድ እስር ቤት ሁለት ሳምንት ገባ። የክፍሉ በር ሲዘጋበት እንዳለቀሰ፣ ኳስ ተጫዋች ለመሆን የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ለፈጣሪ ቃል እንደገባ ራሱ ተናግሯል።

ቃሉን የሚሰማው ሰው ባይኖርስ? በ1985 ግሪኒች ቦሮ ለሚባል ትንሽ ክለብ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው ሲጫወት ክሪስታል ፓላስ ለሙከራ ጠራው። ስቲቭ ኮፔል አሰልጣኝ ነበሩ፤ ወዲያው አስፈረሙት። ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። በዚያ ዕድሜ ሌሎቹ ስድስት ሰባት ዓመት በአካዳሚ ሠልጥነው ጨርሰዋል። ያ ሙከራ ባይሳካ ኖሮ ዛሬ በደቡብ ለንደን ጥሩ ልስን የሚለስን፣ እሁድ ኳስ ሲጫወት ሰው የሚያደንቀው ጡረተኛ ነበር። እንዲህ ያለ ስንት ሰው ቀርቷል? ቪዲዮ ስለሌላቸው አናውቃቸውም።

ከዚህ በኋላ ያለውን አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው ቶሎ ልለፈው። ከማርክ ብራይት ጋር ተጣምሮ ፓላስን በ1989 ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን አወጣ። በ1990 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ግን ትንሽ ልቁም። በዚያ ዓመት እግሩ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ስለነበር ዌምብሌይ ላይ ከተጠባባቂ ወንበር ነው የጀመረው። ፓላስ በማንቸስተር ዩናይትድ 2 ለ 1 እየተመራ ተቀይሮ ገባ፤ ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ፓላስን መሪ የሚያደርግ ሁለተኛ ጎል አገባ። ማርክ ሂዩዝ ወደ መጨረሻው አቻ ባያደርግ ኖሮ ዋንጫው የፓላስ ነበር። በድጋሚው ጨዋታ ዩናይትድ 1 ለ 0 አሸነፈ። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ይህ ሰው ስሚንቶ ያቦካ ነበር።

በመስከረም 1991 አርሰናል በ2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ በጊዜው የክለቡ ክብረ ወሰን ነበር። በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታው ሳውዝሃምፕተን ላይ ሃትሪክ ሠራ። በውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ቀን እዚያው ሳውዝሃምፕተን ላይ ሌላ ሃትሪክ ሠርቶ ጋሪ ሊንከርን በአንድ ጎል በልጦ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። አርሰናል ውስጥ ዴቪድ ሮካስል ጠበቀው። ሮካስል የብሮክሊ ልጅ ነው፤ ከአንድ መንደር ነው የወጡት፤ በዕድሜ ቢያንሰውም ወደ ትልቅ ኳስ ቀድሞት የገባና «አንተም ትችላለህ» እያለ የሚገፋው እሱ ነበር። ሮካስል በ2001 በካንሰር ሲሞት 33 ዓመቱ ነበር። ራይት ዛሬም ስሙን ሲያነሳ ድምፁ ይሰበራል።

መስከረም 13 ቀን 1997 ቦልተን ላይ የክሊፍ ባስቲንን 178 ጎል ሰበረ። እዚህ ላይ የምወደው ነገር አለ። ራይት ክብረ ወሰኑን ሲሰብር ለማሳየት ከማልያው ሥር ቁጥር 179 የተጻፈበት ካናቴራ ለብሷል። የመጀመሪያውን ጎል ሲያገባ ደስታው አላስችል አለውና ማልያውን ገልቦ አሳየ። ገና 178 ነው! እኩል ነው የሆነው። ደግነቱ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሌላ አገባ። በመጨረሻ 288 ጨዋታ፣ 185 ጎል፤ በ2005 ቲዬሪ ኦንሪ እስኪያልፈው ድረስ።

ለእንግሊዝ 33 ጊዜ ተሰለፈ፤ በዓለም ዋንጫም ሆነ በአውሮፓ ዋንጫ ግን አንድም ደቂቃ አልተጫወተም። ያም ሆኖ ሚስተር ፒግደን ከጦርነቱ በኋላ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ላይ ለመብረር ከተመረጡበት ቀን ይልቅ እሱ ለእንግሊዝ መጫወቱ እንዳኮራቸው ነግረውታል። መምህሩ በ2017 በ95 ዓመታቸው አረፉ።

ስለ ራሴ ትንሽ መናገር ግድ ሆኖብኛል። እኔም በአንድ ወቅት አስተምሬያለሁ፤ አራት ዓመት፣ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆችን። ክፍሌ ጸጥ ያለ ስለነበር ጎበዝ መምህር ነኝ ብዬ አምን ነበር። አንድ ልጅ ግን መቀመጥ አይችልም። የጎረቤቱን ደብተር ይነጥቃል፣ ቁጣ ሲመጣ ደግሞ ይስቃል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አስወጣው ነበር። ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ቤቱ ምን እንዳለ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መምጣቱን ተወ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ተገላገልክ» ሲለኝ ሳቅሁ። እንደሳቅሁ በደንብ አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ቪዲዮውን ሳይ ራሴን የማገኘው ፒግደን ውስጥ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ አንድ ስሙ የማይነሳ ሌላ መምህር አለ፤ ልጁን ወደ ኮሪደር ያስወጣው። እኔ እሱ ነኝ።

ራይት በ2000 ጫማውን ሰቀለ። ቢቢሲ በዚያ ግድግዳ አዙሮ ባሰማው ፕሮግራም ላይ ተንታኝ አድርጎ አስቀመጠው። በ2008 የፌዝ ሰው ተደርጌያለሁ ብሎ ለቀቀ፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው፤ የሚያዳምጥ፣ ሲያስፈልግ በአደባባይ የሚያለቅስ። በ2020 አንድ የአየርላንድ ጎረምሳ በቪዲዮ ጌም ተሸንፎ ተናደደና ዘረኛ ስድብ ጻፈለት። ልጁ ጥፋቱን አምኖ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ራይት ይቅር ብዬዋለሁ ብሎ ጻፈ። ዳኛው ልጁን የወንጀል ሪከርድ ሳይመዘግቡበት ሲለቁት ግን ራይት ማዘኑን አልደበቀም። አንዳንዶች ይህን መወላወል አሉት። እኔ አይመስለኝም። ይቅርታው የእሱ ነው፤ ፍርዱ የሕዝብ። በእኛ አገር ሽምግልና ላይ ሁለቱን ስንቀላቅል ስንት ጊዜ ተጎድተናል።

በመጋቢት 2023 ሊንከር ስለ ስደተኞች ፖሊሲ በጻፈው ምክንያት ከፕሮግራሙ ሲታገድ፣ መጀመሪያ «አልገባም» ካሉት አንዱ ራይት ነበር። በዚያ ሳምንት «ማች ኦፍ ዘ ዴይ» ያለ አቅራቢ፣ ያለ ተንታኝ፣ ያለ ኮሜንታተር ለሃያ ደቂቃ ብቻ ተላለፈ። ምስል ያለ ድምፅ። በልጅነቱ የሰማው ድምፅ ያለ ምስል ነበር። በ2024 የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ወንበሩን በራሱ ፈቃድ ለቀቀ።

ማክሰኞ ማታ ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ለዚያ የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩለት። የልጁን ስም ሁለታችንም እናስታውሳለን፤ የአባቱን ስም ግን ሁለታችንም አጣነው። የዚያ ዓመት የስም መጥሪያ መዝገብ ማን ጋ እንዳለ ጠይቆ እንደሚነግረኝ ቃል ገብቶልኛል። እስካሁን አልደወለም።