የጋራ ጉዞ፣ የጋራ ኪስ

እንግሊዞች በ1894 ዓ.ም. ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ካገኙ በኋላ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ የካርቱም መርከብ ጋምቤላ ይቆም ነበር። እኛ የገባነው በአውቶቡስ ነው። መንገድ ላይ የተዋወቅን አራት ሰዎች ነጭ ጆሮ ቆርኬዎችን ፍለጋ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ለመዝለቅ መኪና በጋራ ኮንትራት ያዝን። ለብቻማ ማን ይችለዋል? ገንዘቡን ማታውኑ ሰበሰብን፤ የቀረ እንደማይመለስለትም ተስማማን።

ሊነጋ ሲል አንዱ «ቀርቻለሁ፣ ብሬን መልሱልኝ» አለ። ብንመልስለት ድርሻው እኛ ላይ ሊወድቅ ነው። አብራን ያለችው ተማሪ ያጠራቀመቻትን ሁሉ አውጥታለች፤ ትንሽ ቢጨመርባት መቅረቷ ነው። «ወንድሜ፣ አንተ ስትቀር የመኪናው ዋጋ አይቀንስም» አልነው። አኮረፈ። ሦስታችን ሄድን።

እናንተዬ፣ ከማታውቁት ሰው ጋር ጉዞ ስትጋሩ ይሉኝታ ይቅርባችሁ። ሂሳቡን በዋዜማው ጨርሱ። ኋላ ከመጣላት አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።