ከዝገት የተመለሱ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩባት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተነሥቶ፣ ፌርፋክስ ጎዳናን ይዞ ወደ ሰሜን ሩብ ሰዓት ያህል በእግሩ የሄደ ሰው፣ ዊልሻየር ማዕዘን ላይ የብረት ጥብጣብ የተጠመጠመበት ቀይ ሕንፃ ያገኛል። ፒተርሰን የመኪና ሙዚየም ነው። በደጁ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። የገባሁት ግን እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ፣ ወረርሽኙ ከተማውን ከመዝጋቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። የወሰደኝ ልጄ ነበር።

ልጄ ሜታሊካ የሚባለውን የሮክ ባንድ ይወዳል። የባንዱ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ጄምስ ሄትፊልድ ለዓመታት ከሰበሰባቸውና ካሠራቸው አሮጌ መኪኖች አሥሩን ለሙዚየሙ በስጦታ ሰጥቶ፣ ለሕዝብ የቀረቡት በዚያው ሰሞን ነው። የዐውደ ርዕዩ ስም በእኛ ቋንቋ «ከዝገት የተመለሱ» እንደ ማለት ነው።

የሀብታም መጫወቻ ላይ መስሎኝ ነበር የገባሁት። አሜሪካ እንደ መጣሁ ፓርኪንግ ስሠራ የስንቱን ባለጸጋ መኪና አቁሜአለሁ። ሰብሳቢ ማለት ሸፍኖና ቆልፎ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር የሚመስለኝ። እዚያ የጠበቀኝ ሌላ ነገር ነው። የ1934 ፓካርድ፣ የ1936 ኦበርን፣ የ1948 ጃጓር ቆመዋል። ጃጓሯን «ጥቁር ዕንቁ» ይሏታል። ሄትፊልድ ሪክ ዶር ከሚባል የመኪና ሠሪ ጋር ሆኖ ነው ያሠራት። አካሏ በእጅ ተቀጥቅጦ እንደ አዲስ ወጥቷል። ጣራዋ ዝቅ ብሎ ኋላዋ ወደ መሬት ይንሸራተታል፤ መገጣጠሚያዋ የቱ ጋ እንደሆነ ዓይን አይለይም። መንካት ባይከለከል በመዳፌ እዳብሳት ነበር።

ልጄ የሰውየውን ታሪክ አጫወተኝ። የተወለደው እዚያው አቅራቢያ ዳውኒ ነው። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ልጅ ሳለ ቤቱን ጥለው ሄዱ። እናቱም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ እያለ በካንሰር ሞቱበት። እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ሰው የተጣለ ብረት አይቶ ማለፍ ቢያቅተው አይደንቀኝም።

እኔ ግን ጃጓሯ ፊት ቆሜ የማስበው የአባቴን ቮልስ ነበር።

አባቴም ዝገት ጠላቱ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን አጣጥፎ ያስቀምጥና ከጎማዋ በላይ የተጋገረውን የክረምት ጭቃ በእንጨት እየፋቀ ያወጣል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ውሃም አይጠጣም። ካንዴላዋን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ሲያጸዳ ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ሳምንቱን ሙሉ ከግቢ ሳትወጣ ብትከርም እንኳ የእሑዱ እጥበት አይቀርባትም። ከኋላው መቀመጫ ጀርባ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ የእኔ ነበረች። የሞተሩ ሙቀት ጀርባዬን እያሞቀኝ ከመርካቶ ቤት እስክንደርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አባቴ ሲያርፍ ልጆቹ ሦስታችንም ውጭ አገር ነበርን። በስልክ ተማከርንና «ግቢ ከምታጣብብ ትሸጥ» አልን። ለማን እንደምትሸጥ የጠየቀ አልነበረም። ቆራርጠው በኪሎ ለቁራሌው መዘኗት። ገንዘቧ ለሙት ዓመቱ እንኳ አልበቃም።

ከሙዚየሙ ስንወጣ ልጄ «አባዬ፣ የአያቴ ቮልስ አሁን የት ናት?» አለኝ። «ሸጥናት» አልኩት። «ለማን?» አለ። ቤት እስክንደርስ አልመለስኩለትም።

ዛሬ አዲስ አበባ ስሄድ ወጣቶች ቮልስ እያፈላለጉ፣ እያደሱ፣ በደማቅ ቀለም እየቀቡ ሲነዱ አያለሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። በመሀላቸው የቮልስ ሞተር ሲያንኳኳ ከሰማሁ፣ ሰሌዳዋን ሳላይ አላልፍም።

የአባታችሁ መኪና አሁንም አጥር ጥግ ቆማላችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ቁራሌው ሳይጠራ በፊት አንድ እሑድ ሄዳችሁ እጠቧት።