የረሳኋት አንድ መስመር

ክፍያ የሚል የፓይተን ክላስ ነበረኝ፦ ላኪ፣ ተቀባይ፣ መጠን። ኮንስትራክተሩንም ማነጻጸሪያ ሜተዱንም በእጄ ነው የጻፍኩት። ያው ሰልፍ፣ ሰልፍ፣ ሰልፍ... በኋላ ቀን ጨመርኩበት፤ ማነጻጸሪያው ውስጥ ግን ረሳሁት። ሲስተሙ ድርብ ክፍያ የሚለየው ደግሞ በዚያው ነበር። በየወሩ ለእናቱ እኩል ብር የሚልክ ደንበኛ፣ የሁለተኛው ወር ክፍያው «ተደግሟል» ተብሎ ተጣለበት። «እናቴ እኮ እየጠበቀች ነው» አለ። ስህተቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ፣ ከፓይተን 3.7 ጋር ዳታክላስ አለ። ፊልዶቹን ብቻ ትዘረዝራለህ፤ ኮንስትራክተሩንም ማነጻጸሪያውንም ራሱ ይሠራልሃል፣ አዲስ ፊልድ ስትጨምርም አይረሳም። አውቀው ነበር እኮ! ለሰነፍ ነው ብዬ ንቄው ነው።

አሁን ክላሱ ስድስት መስመር ነው። ሰውዬው ብሩ በደረሰ ማግስት አፑን አጠፋው።