ጥፋቴን ያሸከምኳቸው ሰው

ደምበጫ ውስጥ ስልክ፣ ሬዲዮና ማዳመጫ እየጠገንኩ እተዳደራለሁ። የሰው ዕቃ አበላሽቼ፣ ገንዘብ ተቀብዬበት፣ ጥፋቱንም በባለቤቱ ላይ አላክኬያለሁ። ኑዛዜዬ ይኸው ነው።

ዕቃው ገመድ አልባ ማዳመጫ ነበር። ባለቤቱ ጎረቤቴ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው። የላከችላቸው ዓረብ አገር የምትሠራው ልጃቸው ናት። ጆሯቸው ስለደከመ፣ የስፌት መኪናውም ስለሚጮህ፣ በኢሞ የምትልክላቸውን ድምፅ የሚሰሙት በእሱ ብቻ ነበር። የቻርጀር መሰኪያው ተነቃንቆ አልይዝ ሲላቸው አመጡልኝና፣ «እስኪ እያት ልጄ» አሉኝ።

ፖርት መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ቦርዱ ላይ የተያዘው በሊድ ነው። ሊዱ በደንብ ሳይቀልጥ ከሳቡት ከሥሩ ያለውን ስስ መዳብ ይዞት ይነሳል። እኔ ቸኮልኩ። ፍሉክስ ሳልቀባ፣ ሙቀቱም ሳይዳረስ በወረንጦ ጎተትኩት፤ መዳቡ ተልጦ ወጣ።

ያኔውኑ ብናገር ኖሮ ጥፋቱ ትንሽ ነበር። የተቆረጠው መስመር በቀጭን ሽቦ ጃምፐር ይደረጋል፤ ካቃተኝም ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም። «አልቻልኩም» ማለት ግን ሞት መሰለኝ። የፖርቱን ሁለት የኃይል መስመሮች በቀጥታ ባትሪው ላይ በየድኳቸው።

ሳላውቅ አይደለም ያደረግሁት። ሊትየም ባትሪ 4.2 ቮልት ሲደርስ ሞልቷል፤ ከቻርጀሩ የሚመጣው ደግሞ 5 ቮልት ነው። ኃይሉን መጥና የምትሰጠው፣ ሲሞላም የምታቆመው በመካከል ያለችው ትንሿ አይሲ ናት። እኔ እሷን ዘለልኳት። ባትሪው የራሱ መከላከያ እንደሌለውም አይቼ ነበር። እንዲህ ያለ ባትሪ ሊያብጥ፣ ሊቃጠልም ይችላል፤ ይህኛው ደግሞ የሚቀመጠው ጆሮ ላይ ነው።

እግዜር አውጥቷቸው ሳይቃጠል አበጠና ሽፋኑን ገፍቶ ከፈተው። ይዘውት ሲመለሱ ዓይናቸውን ሳላይ፣ «ሌሊቱን ሰክተውት አድረው ይሆናል» አልኳቸው።

«እውነትህን ነው፣ እኔው ነኝ ያጠፋሁት» አሉ። ለልጃቸውም እንደዚያው ነግረው ይቅርታ ጠየቋት። ከተላጠው መዳብም፣ ካበጠው ባትሪም ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

ቆይቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ገንዘባቸውን መለስኩ፣ ሌላ ማዳመጫ ገዛሁላቸው፣ ለልጃቸውም ደውለው የማን ጥፋት እንደሆነ እንዲነግሯት ለመንኳቸው። እሳቸው ይቅር ብለውኛል።

ይቅርታ የምጠይቃቸው ሌሎች ግን አሉ። ከጋሼ በፊትም በእጅ ባትሪና በትንንሽ ሬዲዮ ላይ ይህንኑ አቋራጭ ሠርቻለሁ። ባለቤቶቹ በገበያ ቀን መጥተው የተመለሱ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን አልያዝኩም፣ ቤታቸውንም አላውቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እለምናለሁ፦ ከደምበጫ አስጠግናችሁ የወሰዳችሁት ዕቃ ቻርጅ ሲደረግ የሚግል ወይም ያበጠ ከሆነ ንቀሉት፤ ሰክታችሁም አትተኙ። የእኔ ሥራ ከሆነ አምጡልኝ፤ ያለ ክፍያ፣ በትክክል እሠራዋለሁ። ካልቻልኩም አልቻልኩም እላለሁ።