ከአማካዩ ጀርባ ያለው ደም

አኖቫ ሲባል ብዙ የጎንደር የጤና ተማሪ ትዝ የሚለው ኤስፒኤስኤስ ነው። ዳታውን ያስገባል፣ ይጫናል፣ ፒ ቫልዩ ከ0.05 ካነሰ እፎይ ይላል። እኔን ግን አኖቫ በደንብ የገባኝ ስለ ስሜን ሰዎች ደም ሳነብ ነው። የእናቴ ወገኖች ከደባርቅ በላይ ስለሆኑ ቁጥሩ የዘመድ ቁጥር ሆነብኝ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። ከዚያ በፊት የሚታወቀው፣ የአንዲስ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ እንደሚል፣ የቲቤቶች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ብዙም ሳይጨምር የደማቸው ኦክስጅን ዝቅ እንደሚል ነው። የኛዎቹ ከሁለቱም ተለዩ፦ ሄሞግሎቢን በአማካይ ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ። ቆላ የሚኖር ሰው ደም ይመስላል።

እሺ፣ አማካዮች ተለያዩ። ግን ልዩነቱ እውነተኛ ነው ወይስ የአጋጣሚ? በቁጥር ሳይሆን በገብስ እናስበው። ደባርቅ፣ ዳባትና ጎንደር ገበያ ሄዳችሁ የገብስ ዋጋ ጠየቃችሁ እንበል። እዚያው ደባርቅ ውስጥ ከሻጭ ሻጭ ያለው ልዩነት በከተሞቹ መካከል ካለው የሚብስ ከሆነ፣ «ደባርቅ ይረክሳል» ማለት አይቻልም። አኖቫ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በቡድኖች መካከል ያለውን ልዩነት በየቡድኑ ውስጥ ካለው መበታተን ጋር ያመዛዝናል። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ዘዴውን በ1925 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፋፉት።

ታዲያ ሁለት ሁለቱን ለምን አናወዳድርም? ሦስት ቡድን ሦስት ንጽጽር ይጠይቃል። እያንዳንዱ 5 በመቶ የመሳሳት ዕድል ካለው፣ ቢያንስ አንዴ ያለ ልዩነት «ልዩነት አለ» የማለት ዕድላችን ወደ 14 በመቶ ይጠጋል።

ይህ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ይጨምራል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ደም ማነስ ሲመረመር በደጋ ከተለካው ላይ ይቀነሳል፤ 3,500 ሜትር ላይ ከ2 ግራም በላይ። እርጉዝ ያልሆነች አንዲት የስሜን እናት 13.8 ብትለካ፣ 2 ብቻ እንኳ ሲቀነስ 11.8 ይሆናል፤ ከ12 በታች ስለሆነ ደም ማነስ አለባት ይባላል። ግን ሰውነቷ ሕጉ የሚጠብቀውን ያህል ሄሞግሎቢን የማይጨምር ከሆነስ? የሌለባትን በሽታ እየሰጠናት ይሆናል። ሳይቀነስ ቢታለፍ ደግሞ የታመመችው ልትረሳ ትችላለች።

በእርግጥ 236 ሰው የኢትዮጵያን ደጋ ሁሉ አይወክልም። አኖቫም ቢሆን «ከቡድኖቹ ቢያንስ አንዱ ይለያል» ብሎ ዝም ይላል፤ የትኛው እንደሆነ ሌላ ፈተና፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ ሌላ ጥናት ይጠይቃል። ኪኒኑን የምትውጠው እናት ግን አማካይ አይደለችም፤ አንድ ሰው ናት።